ከጅቡቲ ወደ ፈረንሳይ የሚመለሱት ሰው

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪኩ አልመጣልኝ ብሎ፣ አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለጎልማሶች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ደመወዝ ባይኖረውም "አስተማሪዋ" ያሰኛል። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል የሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ሲኖረው እኔን ይጠራል። ቧንቧ ለማስገባት፣ የጠፋ መታወቂያ ለማስተካት፣ ከጎረቤት ጋር ስለተጣሉበት አጥር፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ። እናም ራሴን እንደ ዋዛ የማይ ልጅ አልነበርኩም። ያ ኩራቴ በአንዲት ቃል የተነሳ በአንድ ማክሰኞ እንዴት ድምጥማጡ እንደጠፋ ነው የማጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው በጋሽ ናጂ ነው። ከቤታችን ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለችው፣ እኛ አረብ ቤት የምንላት ሱቅ የሳቸው ነበረች። ከየመን በጎረምሳነታቸው መጥተው ሠላሳ አራት ዓመት እዚያችው ባንኮኒ ኋላ ቆመዋል። እትዬ ዘይነባን አግብተው ልጆች ወልደዋል። አማርኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ችግሩ ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቱን "አንተ" ማለታቸው ብቻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ፖሊሱም፣ የሰፈሩ ቄስም ለሳቸው "አንቺ" ናቸው። እኔ ደግሞ "አንተ ጥሩ" ነበርኩ፤ ሙሉ ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ለምደነው ስለነበር ማንም ቅር አይለውም።

ያን ክረምት ከኤደን ደብዳቤ መጣላቸው። ታናሽ እህታቸው መርከበኛ ልጇን ተከትላ ጅቡቲ ልትመጣ ነው፤ እዚያ የምትቆየው ለአሥር ቀን ነው። ከተለያዩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን እሷ አዲስ አበባ ድረስ አትመጣም ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ባሕር አልፈራም፣ ባቡር ግን እፈራለሁ ብሎኛል" አሉኝ። እህታቸውን ማለታቸው ነው።

ጋሽ ናጂ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጋ ነበሩ። እንደተነገረን ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት አገር ደርሶ ለመመለስ የሚሄድበት አገር ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ መውጫ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ደግሞ መመለሻ ቪዛ ያስፈልገዋል። መመለሻውን ሳይዝ ከወጣ የመኖሪያ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ተመልሶ ልግባ ቢል እንደ አዲስ እንግዳ ደጅ መጥናት ነው። የጅቡቲውን አገኙ። መውጫውን ለማግኘትም ብዙ አልተቸገሩም። መመለሻው ግን አልዋጥላቸው አለ። "ሰው አገር ለመግባት ቪዛ፣ እሺ። ቤቴ ለመግባት ቪዛ ምንድን ነው?" እያሉ ባንኮኒያቸው ላይ ተደግፈው የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ጠየቁ።

ለማንኛውም ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አሳምሬ አሰፍራለሁ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ጅቡቲ የምትመጣውን እህቴን አይቼ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ፈረንሳይ የምመለስ መሆኔን በትሕትና አመለክታለሁ።" ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እትዬ ዘይነባም ሰማች፣ እናቴም ሰማች፣ ዘይት ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎችም ሰሙ። ሁሉም እንዴት ያምራል አሉ። እኛ ሰፈር ለጋሲዮን ብሎ የሚጨርስ ሰው የለም። ታክሲውም የሚጣራው ፈረንሳይ ብሎ ነው፤ የት ተወለድሽ ብትሉኝ ፈረንሳይ ነው የምላችሁ።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ ፊደል እያስቆጠርኩ ጋሽ ናጂ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። አልገቡም። ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የመለሱባቸውን ወረቀት ብቻ ዘረጉልኝ። በማመልከቻዬ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ "አመልካቹ ከጅቡቲ ወደ ፈረንሳይ የሚሄዱ በመሆናቸው የመመለሻ ቪዛ አያስፈልጋቸውም። የፈረንሳይ ቪዛ ያቅርቡ። ከአገር ሲወጡም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ያስረክቡ።"

የመጀመሪያውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሁለተኛውን ሳነብ ባሰብኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

ሠራተኛው እንዲያው በደፈናው የጻፈው አልነበረም። አጥብቆ ጠይቋቸዋል። ጋሽ ናጂ እንደነገሩኝ ንግግራቸው እንዲህ ነበር።

"ከጅቡቲ ወዴት ነው የሚመለሱት?"

"ፈረንሳይ።"

"እዚያ ሰው አለዎት?"

"ሚስቴ ፈረንሳይ ነው። ልጆቼም፣ ሱቄም ፈረንሳይ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"አንቺን ቪዛ ልጠይቅ ነዋ የመጣሁት።"

ሰውየውን አልፈርድበትም። በኋላ እንዳወቅኩት ከክፍለ ሀገር ተዛውሮ ከመጣ አንድ ወር አልሞላውም ነበር።

ጋሽ ናጂ ታዛዥ ሰው ናቸው። የፈረንሳይ ቪዛ አምጡ ከተባሉ፣ እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ለማምጣት ነው የሄዱት። ኤምባሲው ያለው እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ስለሆነ በሩ ላይ ቆመው ወደ ፈረንሳይ የሚመለሱበት ቪዛ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ዘበኛው ደንበኛቸው ነው፤ በየቀኑ ሲጋራ ከሳቸው ነው የሚገዛው። የት ልሄድ ነው የሚሉት ቢላቸው ወደ ሱቄ አሉት። ሱቁ እኮ ከዚህ ይታያል አላቸው። ይታያል፣ ግን ቪዛ ይጠይቃል አሉት። ዘበኛው እስኪያለቅስ ስቆ ውሃ አጠጥቶ ሸኛቸው።

ማታ እቤታቸው ሄድኩ። ባቡሩ ዓርብ ጠዋት ነው የሚነሳው። የሚቀጥለው እስኪመጣ እህትየዋ ትመለሳለች። እንዲሁ ይሂዱ እንዳይባል ደግሞ እንዳይመለሱ ሆነው መውጣታቸው ነው። ጋሽ ናጂ ይቅርብኝ ማለት ጀምረዋል። እትዬ ዘይነባ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። "አንድ ቃል ናት አይደል ልጄ? በይ አንዷን ቃል አስተካክይልን" ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እራቴን ሳልበላ አደርኩ።

ረቡዕ በጠዋት ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ነገሩን ሰምቶ፣ ሰፈሩ የአዲስ አበባ ሰፈር ለመሆኑ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ግን ፊርማውም ማኅተሙም ያለው ሊቀመንበሩ ጋ ነው አለን። ሊቀመንበሩስ? እንጦጦ፣ ለችግኝ ተከላ ሰው ይዘው ወጥተዋል። እስከ ማታ አይመለሱም። ነገ ሐሙስ ደግሞ ጠዋቱን ስብሰባ ናቸው።

ጓድ ሽፈራው ሊቀመንበር ከመሆናቸው በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ አሁንም ሲናገሩ ፊሽካ የነፉ ይመስላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደንብ ግን እንደ ነፍሳቸው ይወዳሉ። አንድ ጊዜ እሳቸው በሌሉበት ማኅተሙ በማይገባ ወረቀት ላይ ተመቶ ስለተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ በመሐረብ ጠቅልለው ኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ለሚስታቸውም አያስነኩትም ይባላል።

ዳገቱን ተያያዝነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው እግር ይይዛል። ጋሽ ናጂ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ በየጠመዝማዛው እየቆሙ፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል በታች ተጎንብሰው ለሚወርዱ ሴቶች ሁሉ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይላሉ። ሴቶቹ ግራ እየተጋቡ ያልፋሉ። አንዷን ችግኝ ተካዮቹ የት እንዳሉ ብጠይቃት፣ አንገትዋን ማዞር ስላልቻለች በአገጭዋ ወደ ላይ ጠቆመችን። በጣም ወደ ላይ ነበር።

ገላጣው ቦታ ላይ ስንደርስ ጋሽ ናጂ ዘወር ብለው ከተማውን አዩ። ሠላሳ አራት ዓመት ከሥሩ ኖረው እንጦጦን ወጥተው አያውቁም ነበር። የኛን ሰፈር አሳየኝ አሉ። ጥቂት ቆርቆሮ ጣራ፣ ጥቂት ዛፍ፣ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ። በጣቴ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ፣

"ትንሽ ናት" አሉኝ። "ሰውዬዋ አይፈረድባትም።"

ጓድ ሽፈራው ቡትስ ጫማ አድርገው፣ በሁለት መቶ ሰው መካከል እየተዘዋወሩ የጉድጓድ ጥልቀት በእንጨት ይለካሉ። ጉዳያችንን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያልጠበቅኩት ሆነ።

"የሳቸው ፈቃድ ምን ዓይነት ነው?"

"ቋሚ ነዋሪ ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ቋሚ ከሆኑ ይቁሙ። የሚሄድ ሰው ምኑን ቋሚ ሆነ?"

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ከልባቸው ነው። ቋሚ ማለት ኑሮው የቆመ ማለት እንጂ እግሩ የቆመ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያሸነፍኩት፣ እርስዎም የዚህ ቀበሌ ቋሚ ነዋሪ ነዎት፣ አሁን ግን እንጦጦ ላይ ነዎት ስላልኳቸው ነው። ትንሽ አሰቡና ጻፊ አሉኝ።

ጠረጴዛ የለም። ጋሽ ናጂ ጎንበስ አሉ፤ የማስተምርበትን ደብተር ጀርባቸው ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። ሲተነፍሱ መስመሬ ይወዛወዛል። ይህን ጊዜ እያንዳንዷን ቃል እንደማያውቀን ሰው ሆኜ አነበብኳት። "አመልካቹ የሚኖሩበት፣ በተለምዶ ፈረንሳይ ተብሎ የሚጠራው፣ በአዲስ አበባ ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የቀበሌያችን ሰፈር እንጂ በአውሮፓ የሚገኘው አገር አይደለም። ወደዚያኛው ፈረንሳይ ለመሄድ አሳብም ሆነ ዘመድ እንደሌላቸው እናረጋግጣለን።" ጓድ ሽፈራው ራሳቸው አንድ አረፍተ ነገር ካልጨመርኩ አሉ፦ "ሰፈሩም ከኢትዮጵያ ውጭ ሆኖ አያውቅም።" ጨመርኩት።

ፈረሙ። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። እዚያው ቀረ።

ሌላውን ኪስ ፈተሹ። የሱሪያቸውን። እንደገና የደረቱን። ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁ። ያን ጊዜ የመንግሥት ማኅተም መጣል ቀልድ አልነበረም፤ ማን እጅ ገባ፣ ምን ላይ ተመታ ተብሎ የሚመጣው መዘዝ ሰውን ከቤቱ ያስወጣ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሲጎነበሱ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሳይወድቅባቸው እንዳልቀረ ነገሩኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማሉኝ።

ከዚያም ቀና ብለው፣ የጠዋቱ ችግኝ ከደንቡ ውጭ ጠልቆ ስለተተከለ ሁሉም ተነቅሎ እንደገና እንዲተከል አዘዙ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አራት ሰዓት ሙሉ ጥልቀቱ አነሰ እየተባለ ሲቆፍር ነው የዋለው። አንድ ሽማግሌ፣ ቅድም አነሰ ብለውን አልነበረም ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁ። ጓድ ሽፈራው፣ ያ ቅድም ነው አሏቸው። ሁለት መቶ ሰው እያጉረመረመ ተጎነበሰ። ሊቀመንበሩ ከኋላ ከኋላ እየሄዱ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሁሉ በእጃቸው ይዳብሳሉ። አንዲት ሴት፣ ምነው አፈሩን እንዲህ ያሹታል ብላ ጎረቤትዋን ስትጠይቅ ሰማሁ፤ ጎረቤትዋ፣ የሙቀቱን ልክ እያዩ ነው አለቻት።

እኔና ጋሽ ናጂም ቆፈርን። ስምንት ሰዓት ሆነ። ማኅተም የለም። ደመናው ከሰማይ ጥግ ጠቆር ጠቆር ማለት ጀመረ።

ሳይነካ የቀረ አንድ ችግኝ ብቻ ነበር። ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፤ ጠዋት ጓድ ሽፈራው ራሳቸው ንግግር አድርገው የተከሉት የአርአያ ችግኝ ነው። ሁሉም ሰው እሱን እያየ እንዲተክል ታዝዟል። እሱንስ ብናየው ብዬ ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ያ በደንቡ መሠረት የተተከለ ነው፣ አይነካም አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሁለት ጊዜ ከለከሉኝ።

ጋሽ ናጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያንን ችግኝ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ሄዱና ጓድ ሽፈራው እያዩ በሁለት ጣታቸው መዘዙት።

"አንቺ ጓድ ሽፈራው" አሉ፣ "ይቺ ቆማ አልቆመችም። አንድ ነገር ላይ ነው የተቀመጠችው።"

ከሥሩ ሥር ጭቃ የበላው መሐረብ ወጣ። ጓድ ሽፈራው መሐረቡን ፈትተው ማኅተሙን አዩና ደረት ኪሳቸው ውስጥ መለሱት። ከዚያ ችግኙን ተቀብለው፣ ጉድጓዱን በእንጨታቸው ለክተው፣ እንደገና ተከሉት። ሕዝቡ ሌላ ሦስተኛ ትእዛዝ ይመጣል ብሎ አካፋውን ይዞ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ለዛሬ ይበቃል አሉ።

የማኅተሙ ቀለም ያለው ቢሮ ስለነበር ሦስታችንም ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወረድን። ጓድ ሽፈራው ጋሽ ናጂን ክንዳቸውን ይዘው ነው ያወረዷቸው። ማኅተሙን አጥበው፣ አድርቀው፣ ወረቀቷ ላይ አሳረፉት። ደብዳቤው ላይ የጋሽ ናጂ ጀርባ ያወዛወዘው መስመር አለ፣ ጥግ ላይም የጭቃ አውራ ጣት አሻራ አለ። እንደገና ልገልብጠው ብል፣ የተፈረመበት አይነካም አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አብሬያቸው ወደ ኢሚግሬሽን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሳስጠናቸው ነበር፦ ወዴት ይመለሳሉ ሲባሉ አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ የምትለዋን ቃል ከአፍዎ እንዳያወጧት። እሺ፣ እሺ ይሉኛል፤ ደግሞ ረስተው፣ ከዚህ ፈረንሳይ ስንመለስ በየት በኩል ነው የምንሄደው ይሉኛል።

ያው ሠራተኛ ነበር። ደብዳቤውን አነበበ። የጭቃውን አሻራ አየ። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባና ለአንድ ሰው ሲያነብ ድምፁ ይሰማናል። "ሰፈሩም ከኢትዮጵያ ውጭ ሆኖ አያውቅም" የሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ አነበበው። ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠና ጋሽ ናጂን ቀጥ ብሎ አያቸው።

"ከጅቡቲ ወዴት ነው የሚመለሱት?"

ጋሽ ናጂ አፋቸውን ከፈቱ። "ፈ" የምትለዋ ፊደል ከንፈራቸው ላይ ስትሠራ አየኋት። እጃቸውን ጨበጥ አደረግኩ። ዘግተው፣ ዋጥ አድርገው፣ እንደገና ከፈቱ።

"ቤቴ" አሉ።

ሠራተኛው ማኅተሙን አነሣና መታው። የአሥራ አምስት ቀን መመለሻ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው አለኝ። ሊያሳስረኝ ነው ብዬ፣ እኔ ነኝ አልኩ። የመጀመሪያውንስ? እሱንም እኔ ነኝ አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። የመጀመሪያው ያምር ነበር፣ ይሄኛው ግን ይገባል አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ስንወጣ ሰልፉ ውስጥ የነበረ አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ ቀስ ብሎ ተከተለኝ። ሁለት ጊዜ ማመልከቻው ተመልሶበት ነበርና፣ እንዲህ የሚገባ ነገር ከጻፍሽ ለኔም ጻፊልኝ ብሎ ለመነኝ። አጥሩ ላይ ደገፍ ብዬ ጻፍኩለት። ሰኞ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ተመለስኩ። እዚያ አጥር ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ነው።

ጋሽ ናጂ በአሥራ አራተኛው ቀን ተመለሱ። እህታቸው ፊታቸውን አይታ ሳይሆን ሳላቸውን ሰምታ እንዳወቀቻቸው ነገሩን። ሦስት ቀን ሙሉ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ በአራተኛው ቀን በልጅነታቸው ስለተጣሉባት አንዲት ፍየል ተጣሉ። አረብኛቸው ተበላሽቶ ወንድና ሴት መለየት አቅቷቸዋል ብላም ስቃባቸዋለች። እትዬ ዘይነባ ይህን ስትሰማ፣ እንኳን የኛ ጥፋት ብቻ አልሆነ አለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገሩ የቪዛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማትሪክ የጣለኝ ልጅ እያለሁ የማውቀውን አሳምሮ መጻፍ ብቻ በቂ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ቃል ግን ለኔ ሰፈሬ፣ ጠረጴዛው ማዶ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ አገር ነበረች። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ መሐል ላይ የቆሙት ሰውዬ ግን ቤታቸውን ሊያጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ሰፈሬን እንዳላየ ሰው ሆኜ አንድ ጊዜ ሳላነበው ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ለባሌ የጻፍኩለትን እንኳ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ግሪካዊ መካኒክ መጥቶ ፊቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ናይሮቢ ለሕክምና ደርሶ መምጣት ይፈልጋል፤ እሱም ቋሚ ነዋሪ ነው፤ የመመለሻ ቪዛ ማመልከቻ ጻፊልኝ አለኝ። ከናይሮቢ ወዴት እንደሚመለስ ጠየቅኩት።

"ሜክሲኮ" አለኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና የትኛው ሜክሲኮ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ፣ ጋራዡ አጠገብ አለኝ። አዲስ ወረቀት አወጣሁና ከሁሉ በፊት፣ አመልካቹ የሜክሲኮ አገር ሰው አለመሆናቸውን ጻፍኩ።